ካውንት ቮን ሮዘን ቢያፍራ ላይ ስንት አውሮፕላን መታ? ቁጥሩንስ ማን ቆጠረው?

ቱሉዲምቱ_ኮንዶ (ክሩን የከፈተ) | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ቡና እየጠጣን የተነሳ ክርክር እስካሁን ስላልበረደልኝ ወደዚህ አመጣሁት። ጉዳዩ ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በፈረንጅ ከ1946 እስከ 1956 ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን ያሠለጠነ ስዊድናዊ መሆኑን ነው። እኔ ላወራ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ስለመጣው፣ ስለ ቢያፍራው ነው። (ፈረንጅ ካላልኩ ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው።)

ለማያውቅ ባጭሩ። ቢያፍራ ከናይጄሪያ ተገንጥላ ከናይጄሪያ መንግሥት ጋር ስትዋጋ የነበረች ክልል ናት፤ ቮን ሮዘን ለቢያፍራ ወገን ነው የበረረው። ግንቦት 14 ቀን 1961 ቮን ሮዘን ኤምኤፍአይ 9 የምትባል ትንሽ የስዊድን መለማመጃ አውሮፕላን፣ አምስቱን ይዞ በናይጄሪያ መንግሥት እጅ የነበረውን የፖርት ሃርኮርትን አየር ማረፊያ መታ። ጋቦን ላይ ሮኬት ተገጠመላቸው፣ አረንጓዴ ቀለም ተቀቡ፣ ከዚያ ወደ ጦርነቱ ገቡ። ሞተሯ ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ነው። ባዶ ክብደቷ 340 ኪሎ አካባቢ፣ ማለትም የአንድ ባጃጅ ያህል። የምትይዘው 12 ሮኬት ነው። በቀጣዮቹ ቀናት የናይጄሪያዋን ቤኒን ከተማን፣ ኢኑጉንና የኡጌሊን ኤሌክትሪክ ማመንጫ መቱ።

እዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም። ጠቡ ቁጥሩ ላይ ነው። የቢያፍራ ወገን የናይጄሪያ ሚግ 17 ተዋጊ ጄትም ኢልዩሺን 28 ቦምብ ጣይ ጄትም መሬት ላይ እንደቆሙ ነደዱ አለ። ብዙ ጽሑፍ ደግሞ ናይጄሪያ ከነበሯት ስድስት ኢልዩሺኖች ሦስቱ እንደጠፉ ይደግማል። የናይጄሪያ መንግሥት ጉዳቱ ትንሽ ነው አለ። በኋላ የሁለቱን ወገን ያመሳከሩ ሰዎች ቁጥሩን አወረዱት። ቡና ላይ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ሦስት ብሎ የጻፈ አለ፣ አለቀ» ይላል። እኔ አላለቀም ባይ ነኝ። ዛፍ ጫፍ ላይ በፍጥነት የሚያልፍ ሰው ያየውን እንዴት እንደሚቆጥር ሳንጠይቅ ቁጥር ይዘን መሄድ የለብንም።

ሱሉልታ_ንፋስ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡41

ወንድሜ፣ ሰውዬው ለኛ ምን እንደሆነ ረሳህ እንዴ? በ1928ቱ ወረራ ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ቀይ መስቀልን ሊያገለግል መጥቶ የአምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረ፣ የሰናፍጭ ጋዝ ያቃጠለው ሰው ነው። ለፊንላንድ ዲሲ 2 አውሮፕላን ሰጥቶ፣ አውሮፕላኑ ወደ ቦምብ ጣይነት ተቀይሮ ራሱ ነው ያበረረው። የናዚው የአየር ኃይል አዛዥ የኸርማን ጎሪንግ የመጀመሪያ ሚስት የእናቱ እህት ናት፤ ግን እሱ ከጎሪንግ ወገን አልቆመም። እንዲህ ያለ ሰው ለምን ይዋሻል? አምስት ባጃጅ የሚያህሉ አውሮፕላኖች ይዞ ጄት ወደተደረደረበት ሜዳ የገባ ሰው ክብሩን በቁጥር መጨመር አያስፈልገውም። እኔ አምነዋለሁ።

ቱሉዲምቱ_ኮንዶ | ቅዳሜ፣ ማታ 2፡55

ዋሽቷል አላልኩም። ይህን በደንብ ያዝልኝ። መሳሳት ሌላ፣ መዋሸት ሌላ።

ለምሳሌ ኖርማንዲን ውሰድ። በፈረንጅ ኦገስት 1944 ሞርታን አካባቢ ጀርመኖች በታንክ መልሶ ማጥቃት ሲጀምሩ ታይፉን የሚባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች ሮኬት ይዘው ተነሱ፤ ሲመለሱ ከ80 በላይ ታንክ አቃጥለናል አሉ። ከዚያ አጥኚ ቡድን በእግሩ ሄዶ ሜዳው ላይ የቀረውን እያንዳንዱን ብረት መረመረ። ጀርመኖች በጠቅላላው ያጡት 46 አካባቢ ታንክና መድፍ ተሸካሚ ነው። ከዚያ ውስጥ የታይፉን ምት ነው ተብሎ የተረጋገጠው 9 ብቻ። እነዚያ አብራሪዎች ውሸታም አልነበሩም። ጭስ አዩ፣ እሳት አዩ፣ ሁለት ሰው አንዱን ታንክ ለየብቻው ቆጠረ።

ሩደልን ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጀርመናዊው የስቱካ አብራሪ፣ 2,530 ምልልስ፣ 519 ታንክ። በዓለም ላይ የምድር ደብዳቢ አብራሪ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ግን 519 የጀርመን መዝገብ ቁጥር ነው እንጂ ሶቪየቶች መሬት ላይ የቆጠሩት አይደለም። በፈረንጅ 1941 ክሮንሽታት ላይ «አሰጠመ» የተባለው ማራት የሚባል የሶቪየት የጦር መርከብ እንኳ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነው የተቀመጠው። ጀርመኖቹ የለም ብለው ሰረዙት፤ የቀሩት መድፎቹ ግን ከዚያ በኋላ መልሰው ተኮሱ። (ሩደል እስኪሞት ድረስ ናዚነቱን ያልካደ ሰው ነው። ስሙን ያነሳሁት ስለ አቆጣጠሩ ብቻ ነው፣ ከቮን ሮዘን ጋር ላመሳስለው አይደለም።)

ጋሼ_ትጥቅ_አቃቂ | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡30

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ አቃቂ ነው የምኖረው፣ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ደብረ ዘይት ትጥቅ ክፍል ነበርኩ፤ አርማመንት እንለው ነበር። ኤፍ 5 ላይም ሚግ 23 ላይም ሠርቻለሁ። ካውንቱን በሥራ ላይ አልደረስኩበትም፣ ያሠለጠናቸው ግን እኔን አሠልጥነውኛል። አነጋገራቸው ላይ እንኳ የሱ ነገር ነበረበት። «ዝቅ ካላልክ አትመታም፣ በጣም ዝቅ ካልክ አታይም» ይሉን ነበር።

ስለ ቁጥሩ ልንገራችሁ። አውሮፕላን ሲመለስ መጀመሪያ የምንሮጠው እኛ ነን። ከክንፉ ሥር ማንጠልጠያው ባዶ ነው ወይስ የቀረ አለ? የተኮሰው ጥይት ስንት ነው? ይህንን እኛ በእጃችን ነክተን እንቆጥራለን፣ ፈርመን እናስረክባለን። ይህ ቁጥር አይዋሽም። ግን የሚነግረኝ ምን ያህል ከክንፉ እንደወጣ ነው። የት እንዳረፈ አይነግረኝም። እሱን የሚያውቀው አብራሪው ነው፤ አብራሪው ደግሞ ሮኬቱን ለቅቆ ወዲያው ያዞራል፣ ካላዞረ በራሱ ፍንዳታ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኢላማው ላይ ምን እንደሆነ ዘወር ብሎ ያያል፣ ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ፣ በቃ። ያንን ነው ገብቶ ላለቃው የሚናገረው። እኔ ከዚያ በኋላ የሚጻፈውን ሳይ ሁልጊዜ የማስበው ያቺን ሦስት ሰከንድ ነው።

አምስት አውሮፕላን በ12 ሮኬት 60 ሮኬት ነው። እኔ በርግጠኝነት የምቀበለው ይህንን 60 ነው።

አራብሳ_ብሎክ19 | ቅዳሜ፣ ማታ 3፡52

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉልን። እኔ በሙያዬ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን ነኝ፣ ሲቪል ላይ ነው የምሠራው። «ያቺ ሦስት ሰከንድ» ያሉት አእምሮዬ ውስጥ ቀረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቆሞ የተመታ አውሮፕላን «ጠፋ» የሚባለው መቼ ነው? እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ከሩቅ ሲታይ የሞተ የሚመስል አካል በሁለት ሳምንት ተጠግኖ ይበራል። ከላይ አንዲት ጭረት የማይታይበት ደግሞ ዋና ምሰሶው ስለተሰነጠቀ ለዘላለም አይነሳም። ትንሽ ሮኬት ሚግ ክንፍ ላይ ብትገባ ነዳጅ ካለበት ይነዳል፣ ከሌለበት ቀዳዳ ነው፣ በቆርቆሮ ይለበጣል። ስለዚህ የቢያፍራው ወገን «መታን» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ የናይጄሪያው ወገን «አልጠፋም» ሲልም እውነቱን ሊሆን ይችላል። አንዱ የሚያወራው ስለ ምት ነው፣ ሌላው ስለ ጥገና መዝገብ። ሁለቱን አንድ ሠንጠረዥ ላይ አድርጎ መደመር ነው ስህተቱ።

ስለ ዝቅታው ደግሞ። እኔ የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ቮን ሮዘንና ጓደኞቹ ከዚህ መስኮቴ ዝቅ ብለው ነው የበረሩት፣ ዛፍ እየታከኩ። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ጥቃቶች አንዷም ሳትወድቅ የተመለሱት። መሬት ላይ ያለው መድፈኛ ድምፁን ሲሰማ አልፈዋል። ይህ የአብራሪነት ሥራ በየትኛውም ቁጥር አይቀንስም።

ሱሉልታ_ንፋስ | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡05

እህቴ፣ ልክ ነሽ። እሺ፣ «ሦስት ኢልዩሺን» የሚለውን ለጊዜው ልተወው። ግን የሞርታኑን ታሪክ ቱሉዲምቱ ግማሹን ነው የነገረን። እኔም አንብቤዋለሁ። 9 ታንክ ብቻ ተመታ፤ ሆኖም የጀርመን ጥቃት በዚያው ቀን ቆመ! የጀርመን አዛዦች ራሳቸው ያቆመን አውሮፕላኑ ነው ብለዋል። ታንከኛው ያልተመታ ታንኩን ጥሎ ሮጠ። እና ዋጋው በብረት ብቻ ነው እንዴ የሚለካው? ቮን ሮዘን ብረቱን ባያጠፋ እንኳ የደብዳቢዎቹን ልብ ሰብሯል። በግብፃውያንና በቅጥረኞች የሚበሩ ጄቶች ገበያና ሆስፒታል ሲደበድቡ ከርመዋል። ከዚያ በኋላ ሜዳቸው ላይ ሲተኙ እንኳ መፍራት ጀመሩ። ለኔ ገድሉ ይሄ ነው።

ቱሉዲምቱ_ኮንዶ | ቅዳሜ፣ ማታ 4፡20

ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ከልቤ ነው። እኔም ወደዚያ እያዘነበልኩ ነበር። መለኪያው «ስንት ነደደ» ሳይሆን «ከዚያ በኋላ ምን ቆመ» ይሁን።

ሰንዳፋ_ታሪክ_መምህር | እሑድ፣ ጠዋት 1፡15

አምሽቼ ሳነበው ነበር፣ አሁን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጻፍ ብዬ ነው። ሁለታችሁም «ምን ቆመ» ወደሚለው ሄዳችኋል፤ እዚያ ላይ ግን ታሪኩ ለቮን ሮዘን አይመችም። መባል ስላለበት እላለሁ።

መጀመሪያ ከኋላው እንጀምር። ሐምሌና ነሐሴ 1960 ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የናይጄሪያ ኮሚቴ በሊቀመንበርነት እየመሩ ሁለቱን ወገን እዚሁ አዲስ አበባ አምጥተው ያነጋግሩ ነበር። ንግግሩ ፍሬ አላፈራም። በዚያው ነሐሴ ቮን ሮዘን በዲሲ 7 አውሮፕላን መድኃኒትና ምግብ ጭኖ፣ ዝቅ ብሎ በሮ፣ የናይጄሪያን ከበባ ሰብሮ ቢያፍራ ውስጥ ኡሊ የሚባል ማረፊያ ላይ አረፈ። ይህ በረራ ለሌሎች የእርዳታ አብራሪዎች መንገድ ከፈተ። ማንም አይነካውም፣ እኔም ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። አገራችን ሰላም ስታደራድር እኛው ጋ አሥር ዓመት የኖረ ሰው ደግሞ በሌላ በኩል ምግብ ሲያስገባ፣ ሁለቱም ለአንድ ሕዝብ ነበር።

አሁን ወደ ሮኬቱ። ጥቃቱ የተጀመረው ግንቦት 14 ቀን 1961 ነው። ግንቦት 28፣ ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ የናይጄሪያ ሚግ 17 የቀይ መስቀልን ዲሲ 7 የእርዳታ አውሮፕላን መትቶ ጣለ። ውስጡ የነበሩት ሞቱ። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል የአየር ድልድዩን አቆመ። አብያተ ክርስቲያናቱ በሌሊት መብረራቸውን ቀጠሉ፣ የቀይ መስቀሉ ድርሻ ግን ቀረ። እንግዲህ ሚጎቹ አልጠፉም፤ ልባቸውም አልተሰበረም። ያንን አውሮፕላን ያስመታው የቮን ሮዘን ጥቃት ነው አልልም፣ እንደዚያ ለማለት የሚያበቃ ነገር በእጄ የለም። ግን «የአየር ጥቃቱን አስቆመ» የሚለውን ከዚህ ቀን ጋር አስታርቁልኝ። ጦርነቱስ? ጥር 7 ቀን 1962 ቢያፍራ እጅ ሰጠ።

ሌላም አለ። የእርዳታ አብራሪ የነበረ ሰው ሮኬት ሲሸከም፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው የእርዳታ አብራሪ ሁሉ ጥያቄ ያስነሳል። ጠላት «ይሄኛው ዱቄት ነው ወይስ ሮኬት የያዘው?» ይላል። ይህ ለኔ ከኢልዩሺኑ ቁጥር በላይ ከባድ ነው።

ሱሉልታ_ንፋስ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡02

መምህር፣ የግንቦት 28ቱን አላውቅም ነበር። ከበደኝ።

ግን አንድ ነገር ይፍቀዱልኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ሲያወርዱ፣ ታኅሣሥ 20 ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ሲደበደብ፣ እኛ ሰማይ ላይ መልስ የሚሰጥ አልነበረንም። ቮን ሮዘን ያን ጊዜ ቁስለኛ ሲያመላልስ ነበር። ቀይ መስቀል ያለበት ድንኳን ቦምብ እንደማያስቀር በሃያ ስድስት ዓመቱ ነው የተማረው። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ቢያፍራ ላይ ያንኑ ሲያይ፣ ሌላ አምቡላንስ ላብርር ብቻ ብሎ ዝም ቢል ነበር የሚገርመኝ።

ሰንዳፋ_ታሪክ_መምህር | እሑድ፣ ጠዋት 2፡20

ይህን እቀበላለሁ። ለምን እንዳደረገው ይገባኛል፣ አያቴም ከማይጨው ጋዝ ተርፎ የመጣ ነው፣ ቤታችን ውስጥ «ከሰማይ የሚመጣ» ሲባል ዝናብ ማለት ብቻ አልነበረም። የኔ ጥያቄ ለምን አደረገው የሚል አይደለም። ክሩ የተከፈተው በገድል መዝገቡ ላይ ነው። ምክንያቱ ጥሩ ስለሆነ ውጤቱን አብልጠን መጻፍ የለብንም ነው የምለው። ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ «ሦስት ኢልዩሺን» ብል አንዱ ተነስቶ ግንቦት 28ን ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ?

ጋሼ_ትጥቅ_አቃቂ | እሑድ፣ ጠዋት 3፡10

መምህር ልክ ነው። እኔ ደግሞ ከእናንተ ሁላችሁ የጎደለ አንድ ነገር አለኝ።

ከቢያፍራ በኋላ ያቺው ትንሽ አውሮፕላን አደገች፣ ኤምኤፍአይ 15 እና 17 ሆነች። ክንፏ ሥር ማንጠልጠያ አላት። በ1966 እና 67 ረሃቡ ጊዜ ካውንቱ ወደ እኛ አገር ተመልሶ መጥቶ፣ መኪና የማይገባበት ቦታ እህል በአየር አወረደ። እህሉን ክንፉ ሥር አንጠልጥሎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ያለ ፓራሹት ይለቀዋል። ልክ እንደ ቦምብ አጣጣል። እኔ የትጥቅ ሰው ነኝ፤ ይህንን ስሰማ የገባኝ ነገር ለሌላ ሰው ላይገባው ይችላል። ማንጠልጠያው ያው ነው። የመልቀቂያው አሠራር ያው ነው። ዝቅታውም፣ አቀራረቡም ያው ነው። ዘመኔን ሙሉ ከክንፍ ሥር የሰቀልኩት ነገር ሰው የሚገድል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ከረጢት ጤፍ ብሰቅል ብዬ አስባለሁ።

እንግዲህ ገድሉን ስትጽፉ ይህንንም ጻፉ።

አራብሳ_ብሎክ19 | እሑድ፣ ጠዋት 3፡31

ጋሼ፣ ይህን ሳነብ ቁጭ አልኩ። ልክ ነው፣ ሜካኒካሉ ያው ነው። ልዩነቱ የእህሉ ምልልስ ሲመለስ «መታሁ» ወይስ «አልመታሁም» ብሎ የሚከራከር የለም። ሕዝቡ ወርዶ ያነሳዋል።

ሰንዳፋ_ታሪክ_መምህር | እሑድ፣ ጠዋት 3፡48

የእህሉን ነገር እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ለየብቻ ይጻፍ። የውጊያ ገድል ሌላ ገጽ፣ የእርዳታ ሥራ ሌላ ገጽ። አንዱን በሌላው ከሸፈንን ቢያፍራን በትክክል ማንበብ ያቅተናል።

ሱሉልታ_ንፋስ | እሑድ፣ ጠዋት 4፡00

እኔ በዚህ አልስማማም መምህር። አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ሰው አይደለም። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ጎዴ ላይ የሶማሊያ ጦር ሲያጠቃ የሞተው ሮኬት ይዞ አይደለም፣ እርዳታ ላይ እያለ ነው። የጦር አብራሪ ነው የሞተው ወይስ የእርዳታ? መለየት አልችልም። እሱም የሚለየው አይመስለኝም።

ቱሉዲምቱ_ኮንዶ | እሑድ፣ ከሰዓት 8፡25

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያውን ጽሑፌን አስተካክላለሁ።

ትናንት ማታ «ከዚያ በኋላ ምን ቆመ» የሚለውን መለኪያ ይዤ ነበር፣ መምህር በግንቦት 28 ወሰዱብኝ። አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው። ቮን ሮዘን በአምስት ትናንሽ አውሮፕላኖች፣ ከኮንዶሚኒየም ፎቅ ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች በተከታታይ ቀናት መታ። በመጀመሪያው ቀን 60 ሮኬት ድረስ ተሸክመው ወጡ፣ ሁሉም ተመለሱ። የተመቱ አውሮፕላኖች ነበሩ፣ ስንቶቹ ለዘላለም እንደቀሩ ግን ሁለቱ ወገኖች ዛሬም አይስማሙም። የናይጄሪያ አየር ኃይል መብረሩን አላቆመም፣ በሁለት ሳምንቱ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ጣለ። «ሦስት ኢልዩሺን» የሚለውን ከጽሑፌ አወጣሁት። ጓደኛዬ ቢቆጣም አወጣሁት።

የእህሉን ነገር በሚመለከት ከሱሉልታ ጋር ነኝ፣ ይቅርታ መምህር። እዚያው ገጽ ላይ ከቢያፍራው ሥር ይቀመጣል። ጋሼ እንዳሉት ማንጠልጠያው ያው ነውና።

ጋሼ፣ አንድ ልመና አለኝ። የሚመጣው ቅዳሜ አቃቂ እመጣለሁ፣ ከፈቀዱልኝ። ያሠለጠኗችሁ ሰዎች ስለ ካውንቱ ያሏችሁን ነገር ቁጭ ብለው እንዲነግሩኝና እንድጽፈው ነው። ከናንተ ትውልድ ጋር እንዳይቀር።

ጋሼ_ትጥቅ_አቃቂ | እሑድ፣ ማታ 1፡05

ና ልጄ። ጠዋት 4 ሰዓት አቃቂ ድልድዩ ጋ ደውልልኝ። የአራብሳዋም ልጅ ብትመጣ ደስ ይለኛል፣ የማሳያት የቆየ የሥራ ማስታወሻ ደብተር አለኝ።

አራብሳ_ብሎክ19 | እሑድ፣ ማታ 1፡09

እመጣለሁ ጋሼ። ቅዳሜ ፈረቃዬ የማታ ነው።